ቤቱ ከዕዳው ሲያንስ

የቤት ዋጋ ስለወረደ ብቻ ባንክ ደውሎ «ልዩነቱን አምጡ» ብሎ አያውቅም። ይህን የማስቀድመው ብዙ ሰው የሚርደው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው። 400 ሺህ ዶላር ዕዳ ያለበት ቤት ዛሬ የሚያወጣው 350 ሺህ ነው ሲባል፣ ያቺ 50 ሺህ ነገ በር የምታንኳኳ ይመስለዋል። አታንኳኳም። ወለዱ ቋሚ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ያው የአምናው ነው። ባንኩ የሚፈልገው ወር በገባ ቁጥር ገንዘቡ እንዲገባለት ነው።

እዚህ አሜሪካ ቤታቸው «አንደርወተር» የሆነባቸው፣ ማለትም ዕዳቸው ከቤታቸው ዋጋ የበለጠባቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ ስለ ዋጋው አልጠይቅም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ወርሃዊውን መክፈል ትችላላችሁ? ከቤቱ የግድ መውጣት አለባችሁ? መክፈል የሚችል እና መውጣት የማይገደድ ሰው ዚሎው በሚባለው የቤት ዋጋ ድረ ገጽ ላይ የሚያየው ቁጥር ስሜቱን ያበላሽበት ይሆናል እንጂ ኑሮውን አያናጋውም። ችግሩ ችግር የሚሆነው ሥራ ሲጠፋ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ሰው ሲታመም፣ ወይም እንጀራ ሌላ ስቴት ሲጠራ ነው።

ባለሙያ አይደለሁም። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እንግሊዝኛ ከሌላው ትንሽ ስለሚቀለኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ «ልጄ፣ ይቺን ደብዳቤ እስቲ እይልኝ» የምባል ሰው ነኝ። ከ2008 ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከባንክ የሚመጣ ብዙ ደብዳቤ አንብቤአለሁ። ከዚያ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ያኔ እንዴት እንደገባንበት የሚያስታውስ ያስታውሳል። እስከ 2006 ድረስ ቤት ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር ነበር። ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ በቀን ሁለት ሥራ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ገዛ። ገቢን በወረቀት ማረጋገጥ እንኳ የማይጠየቅበት ብድር ነበር። ብድሩን የሚያዘጋጀው ሎን ኦፊሰር ብዙ ጊዜ አበሻ ነው፤ «ገቢህን ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» ይላል። 80 በመቶ በአንድ ብድር፣ ቀሪው 20 በሁለተኛ ብድር፤ ከኪስ የሚወጣ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወለዱ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ይዘላል። «እሱ ሳይደርስ ሪፋይናንስ እናደርግልሃለን» ይባላል፤ አሮጌውን ብድር በአዲስ ብድር እንተካልሃለን ማለት ነው።

ዋጋው ሲወድቅ ያ ሪፋይናንስ ቀረ። እዚህ ሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ቨርጂኒያ ያሉት ውድብሪጅ እና ማናሰስ ክፉኛ ተመቱ። ላስ ቬጋስ ያሉ ወገኖቻችን ላይ የባሰ ነበር። እዚያ የቤት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ ቱሪስቱ ሲቀር ደግሞ የታክሲው ገቢም አብሮ ወረደ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ምን ይደረጋል? በ2009 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ከአራት የቤት ብድሮች አንዱ ገደማ አንደርወተር ነበር።

ከኛ ሰው ደግሞ ከቤቱ ላይ ተጨማሪ የተበደረ ብዙ ነበር። ዋጋው ሲንር ጊዜ የቤቱን ኢኩቲ፣ ማለትም ዋጋው ከዕዳው የሚበልጥበትን ድርሻ፣ ጎትቶ አዲስ አበባ መሬት የገዛ፣ ለእናቱ ቤት የሠራ አለ። አልፈርድበትም፤ ያ ገንዘብ ብዙ ቦታ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ግን ዕዳው እዚህ ነው የቀረው፤ ያውም በቤቱ ላይ ሁለተኛ ብድር ሆኖ። ሁለተኛ ብድር ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የባሰው ጠላት ግን ይሉኝታ ነው። የቤት ምረቃው ላይ ሃምሳ ሰው ተጠርቷል፣ ቄሱ ጠበል ረጭተዋል፣ አገር ቤት ፎቶ ተልኳል። እንግዲህ «መክፈል አቃተኝ» ለማን ይባላል? ፖስታው ሳይከፈት ከቡና ስኒው ጀርባ ይደረደራል። ስልኩ ሲጮኽ አይነሳም። እቁቡ ግን ይጣላል፤ ምክንያቱም እቁብ ካልተጣለ ሰው ያውቃል! ክሬዲት ካርድ ተሞልቶ፣ የጡረታ ተቀማጭ ተሟጦ ለሞርጌጅ፣ ለቤቱ ብድር ማለት ነው፣ ይገባል። ይህን የመጨረሻውን ነገር እባካችሁ አታድርጉት። የጡረታ ተቀማጭ በኪሳራ ሕግ ውስጥ እንኳ በአብዛኛው ጥበቃ ያለው ገንዘብ ነው፤ አበዳሪ አይነካውም። እሱን አውጥቶ፣ ቅጣቱን እና ታክሱን ከፍሎ፣ ለጥቂት ወራት ክፍያ አውሎ፣ በመጨረሻ ቤቱንም ማጣት ስንቱን ሽማግሌ ባዶ እጁን አስቀርቶታል።

ይሉኝታ የሚበላው ጊዜን ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ጊዜ ማለት አማራጭ ማለት ነው። ከ2014 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ፣ በአብዛኛው ተበዳሪው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር ፎርክሎዠር፣ ማለትም ቤቱን ለዕዳው ወስዶ መሸጥ፣ መጀመር አይቻልም። የዕርዳታ ማመልከቻው ተሟልቶ ከጨረታው ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ ደግሞ፣ ባንኩ ማመልከቻውን ሳይመረምር እና ሳይመልስ ቤቱን መሸጥ አይችልም። ከ37 ቀን በታች ከሆነ ያ ጥበቃ የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፎርክሎዠር ፍርድ ቤት ሳይሄድ ስለሚፈጸም ነገሩ ይፈጥናል። ሜሪላንድ ከ2010 ጀምሮ ሽምግልና የመጠየቅ መብት አለ፤ ባንኩና ባለቤቱ በገለልተኛ ሰው ፊት ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ፎርሙ ከወረቀቶቹ ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ የቀን ገደብ አለው። ፖስታው ካልተከፈተ ግን መብቱም እዚያው ፖስታ ውስጥ ያልፋል።

አሁን ወደ አማራጮቹ እንግባ። ከቀላሉ ልጀምር።

ክፍያውን የሚችልና መቆየት የሚፈልግ ሰው ይቆይ። በየወሩ ከዋናው ዕዳ ትንሽ ይቀንሳል፤ ዋጋውም እንደወረደ አይቀርም። ከ2012 በኋላ ብዙ ቦታ ተመልሷል፤ የታገሡ ሰዎች ዛሬ ጥሩ ኢኩቲ አላቸው። ወለዱ ከገበያው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ብድራችሁ የኤፍኤችኤ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥቱ የቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሰጠው፣ መሆን አለመሆኑን እዩ። የኤፍኤችኤ «ስትሪምላይን» ሪፋይናንስ የቤት ግምት አይጠይቅም። ቤቱ አንደርወተር ቢሆንም ወለድ ማስቀነስ ይቻላል ማለት ነው፤ ክፍያ አለማዘግየት ግን ግድ ነው። ለኤፍኤችኤ ላልሆኑት በ2009 የተጀመረ ሃርፕ የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ብድራቸው ከባንኮች የቤት ብድር በሚገዙት በፋኒ ሜይ ወይም በፍሬዲ ማክ የተያዘ ሰዎችን ያለ ኢኩቲ ሪፋይናንስ ያደርግ ነበር። በ2018 መጨረሻ ተዘግቷል። ዛሬም ስሙን እየጠራ የሚደውል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ክፍያው ትንሽ ለጎደለው ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ፣ አለ። የኛ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ነው የሚያውቀው። ሁለት ክፍል አከራይቶ ሞርጌጁን ያለፈ ቤተሰብ በዚህ አካባቢ ስፍር ቁጥር የለውም። የካውንቲውን የማከራያ ፈቃድ ግን እንዳትረሱ፤ አንድ የተቀየመ ተከራይ ለካውንቲው ቢደውል ጣጣው ከኪራዩ ይበልጣል።

መክፈል ያቃተው ግን መቆየት የሚፈልግ ሰው ሎን ሞዲፊኬሽን፣ የብድሩን ውል ማስተካከያ ማለት ነው፣ ይጠይቃል። ስለዚህ ነገር ብዙ ቅዠት አለ። «ባንኩ ግማሹን ይምርሃል» የሚል ወሬ ከ2009 ጀምሮ እስካሁን አልሞተም። እውነቱ ሌላ ነው። ባንክ በአብዛኛው ዋናውን ዕዳ አይምርም። የዘገየውን ክፍያ ከዋናው ላይ ይደምረዋል፣ ወለዱን ይቀንሳል፣ ዘመኑን እስከ 40 ዓመት ይዘረጋል። የፋኒ ሜይ እና የፍሬዲ ማክ «ፍሌክስ ሞዲፊኬሽን» ከ2017 ጀምሮ በዚህ መልክ ነው የሚሠራው፤ ወርሃዊውን 20 በመቶ ያህል ለማውረድ ያልማል። አንዳንዴ የዕዳውን ከፊል ወለድ የማይቆጥር አድርጎ ወደ መጨረሻው ያስተላልፈዋል። ኤፍኤችኤም የዘገየውን ገንዘብ ወለድ የሌለው ሁለተኛ ዕዳ አድርጎ፣ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሞርጌጁ ሲያልቅ እንዲከፈል የሚያደርግበት መንገድ አለው።

ማለትም ቤቱ አንደርወተርነቱ አይለቀውም። እንዲያውም ዕዳው ሊጨምር ይችላል። የሚለወጠው ወርሃዊው ነው። ከቤቱ ለመውጣት ላላሰበ ሰው ይህ ጥሩ ውል ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሸጦ ለመሄድ ላሰበ ግን ሕመሙን ማስታገሻ ብቻ ነው።

በ2009 የኦባማ መንግሥት ያመጣው ሃምፕ የሚባለው ፕሮግራም ክፍያውን ወደ ገቢ 31 በመቶ ያወርድ ነበር። ወለዱ እስከ 2 በመቶ መውረድ ይችል ነበር። በወረቀት ላይ ግሩም ነው። በተግባር ግን የሦስት ወር ሙከራ ከፍሎ ጨርሶ «ወረቀትህ አልተሟላም» የተባለ ስንት ሰው አይቻለሁ። የአንድ ጎረቤቴን ፔይስታብ (የደመወዝ ደረሰኝ) ከባንኩ በደወሉ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠይቁት ነበር፤ በደወለ ቁጥር ሌላ ሰው፣ በላከ ቁጥር ሌላ ፋክስ። ጉዳዩ የሱ ብቻ አልነበረም። በ2012 አምስት ትልልቅ ባንኮች ከ49 ስቴቶች ጋር 25 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት የፈረሙት በእንዲህ ያለ አሠራር እና ሳይነበቡ በተፈረሙ የፎርክሎዠር ወረቀቶች ምክንያት ነው። ሃምፕ በ2016 መጨረሻ ቆመ።

መቆየት ለማይችል ደግሞ ሾርት ሴል አለ። ቤቱ ገበያው በሚሰጠው ዋጋ ይሸጣል፤ ባንኩ ከዕዳው ያነሰውን ተቀብሎ ስሙን ከቤቱ ላይ ያነሳል። ገዢ ማግኘቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ባንኩን እሺ ማሰኘቱ ነው፤ ያ ሁለተኛ ብድር ካለ ደግሞ ሁለቱም አበዳሪዎች መስማማት አለባቸው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ሲወስድ ለሁለተኛው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ ያኮርፋል፤ ጉዳዩ ለወራት ይንጠለጠላል። ሾርት ሴል ሠርቶ የማያውቅ ሪልተር፣ የቤት ሽያጭ ደላላ ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ይጠፋል። የአክስት ልጅ ስለሆነ ብቻ አትስጡት።

ሾርት ሴል ላይ ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ባንኩ በሚሰጠው የስምምነት ደብዳቤ ውስጥ ቀሪውን ዕዳ ሙሉ በሙሉ እንደተወው በግልጽ መጻፍ አለበት። ቤቱን ለቀቅኩ ማለት ዕዳውን ለቀቅኩ ማለት አይደለም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ እና ዲሲ ውስጥ ባንክ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የጎደለውን ከባለዕዳው መጠየቅ ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት መግዣ የተወሰደ ብድር ላይ ይህ በአብዛኛው ክልክል ነው። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ያለ ወንድማችሁ «እኔ ቁልፌን ሰጥቼ ወጣሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ለናንተ ግን አይሠራም።

ቤቱን በፈቃድ ለባንኩ ማስረከብም አለ፤ ዲድ ኢን ሉ ይሉታል። ገዢ ካልተገኘ እና ሁለተኛ ብድር ከሌለ ያስኬዳል። እዚህም ያው ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል።

ታክሱ ደግሞ አለ። የተማረላችሁን ዕዳ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ እንደ ገቢ ሊቆጥረው ይችላል። ባንኩ 1099-ሲ የሚባል ፎርም ይልካል፤ ሰው ደንግጦ ይጥለዋል። አትጣሉት። በ2007 የወጣ ሕግ የመኖሪያ ቤት ዕዳ ሲማር ከታክስ ነፃ አድርጎት፣ እየተራዘመ ቆይቷል፤ በ2020 መጨረሻ የወጣው ማራዘሚያ እስከ 2025 መጨረሻ የሚያደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ከመፈረማችሁ በፊት ታክስ ሠሪያችሁን ጠይቁ። ይህ ሕግ ባይኖር እንኳ ዕዳው በተማረበት ሰዓት ያለባችሁ ዕዳ በሙሉ ካላችሁ ንብረት በሙሉ የሚበልጥ ከነበረ፣ በበለጠው መጠን ነፃ ትሆናላችሁ። 982 በሚባል ፎርም ነው የሚገለጸው።

የኪሳራ ሕግን የኛ ሰው እንደ እርግማን ነው የሚያየው። ላልተዋጠለት ሰው አልሰብክም። ግን ምዕራፍ 13 የሚባለው አንድ ልዩ ጥቅም አለው። ቤቱ የሚያወጣው የመጀመሪያውን ብድር እንኳ የማይሸፍን ከሆነ፣ ሁለተኛው ብድር ከቤቱ ላይ ተነቅሎ እንደ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ይቆጠራል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በፍርድ ቤት በተፈቀደ ዕቅድ ይከፈላል፤ ሲያልቅ ሁለተኛው ብድር ከቤቱ ላይ ይጠፋል። ሌላው የኪሳራ ዓይነት በሆነው ምዕራፍ 7 ላይ ይህን ማድረግ እንደማይቻል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ወስኗል። የመጀመሪያውን ሞርጌጅ ግን በሁለቱም መቀነስ አይቻልም። ይህ ጠበቃ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ እንደኔ ያለ ደብዳቤ አንባቢ እዚህ አይገባም።

የቀረው ጥሎ መሄድ ነው። መክፈል እየቻሉ፣ አስልተው፣ አያዋጣም ብለው የተዉ ሰዎች ነበሩ። ያኔ በየቡናው ኀጢአት ነው አይደለም እየተባለ ብዙ ተጨቃጭቀናል። የሞርጌጅ ባንኮች ማኅበር የሚባለው፣ የአበዳሪዎቹ ድርጅት ማለት ነው፣ ሰው ቤቱን ጥሎ እንዳይሄድ ይመክር ነበር። ይኸው ማኅበር ዲሲ መሀል ኤል ስትሪት ላይ ለራሱ ዋና መሥሪያ ቤት የሚሆን ሕንፃ በ79 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ 75 ሚሊዮኑ ብድር ነው። በ2010 በ41.3 ሚሊዮን ሸጠው። ቀሪውን ሂሳብ ለናንተ ልተወው። በዚያ ሕንፃ ደጃፍ ስንቱ አበሻ ታክሲ አቁሞ፣ በራሱ ቤት ዕዳ አፍሮ ተሳፋሪ እንደጠበቀ አስቡ።

እኔ በበኩሌ ጥሎ መሄድን የምቃወመው ከኀጢአት አንፃር አይደለም። ውል ነው፤ ውሉ መክፈል ካልቻልክ ቤቱ ይወሰዳል ይላል። የምቃወመው በእኛ ስቴቶች ዕዳው ስለሚከተል እና ሾርት ሴል ስለሚሻል ነው። ፋኒ ሜይ የሚገዛውን ብድር እንደገና ለማግኘት ከፎርክሎዠር በኋላ በመደበኛው ሰባት ዓመት ይጠበቃል፤ ከሾርት ሴል በኋላ አራት። ሦስት ዓመት ለልጆች ትምህርት ቤት ብዙ ነው።

በስማቸው ላልተገዛ ቤት የሚከፍሉ ሰዎችም አሉ። ክሬዲቱ ጥሩ በሆነ የአጎት ልጅ ስም ተገዝቶ፣ የሚኖሩበትና የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። ነገሩ ሲበላሽ ባንኩ ከሚኖረው ሰው ጋር አይነጋገርም። ክሬዲቱ የሚበላሸው የአጎት ልጁ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማውም መጨረሻ ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ለእሱ ንገሩት። ዛሬ።

ይህን ሁሉ የድሮ ታሪክ ለማውራት አይደለም የጻፍኩት። ከ2022 በኋላ በኤፍኤችኤ ብድር፣ በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) የገቡ ወጣቶች አሉ። አስሉት። 400 ሺህ ለሚያወጣ ቤት ብድሩ 386 ሺህ ነው። ኤፍኤችኤ 1.75 በመቶ ኢንሹራንስ ከላይ ይጨምርበታል፤ ብዙ ሰው ብድሩ ውስጥ ስለሚያስገባው 392,755 ይሆናል። ቤቱን ለመሸጥ ለሪልተር እና ለሽያጩ መዝጊያ ወጪ 6 በመቶ ይወጣል ብንል ለእጅ የሚቀረው 376 ሺህ ነው። ዋጋው አንዲት ዶላር ሳይወርድ ለመውጣት 16,755 ዶላር ከኪስ ያስፈልጋል። በ2025 የፌዴራል ሥራ ቅነሳ ሲመጣ በዲሲ ዙሪያ ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ስሌት ተሠርቷል።

ስልክ ከመጣባችሁ አንድ ነገር ያዙ። ከ2011 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ደንብ፣ ሞርጌጅ አስተካክላለሁ የሚል ድርጅት ከባንኩ የጽሑፍ ስምምነት አምጥቶ እናንተ እስክትቀበሉት ድረስ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ቀድሞ ገንዘብ የጠየቀ፣ ወይም የቤቱን ስም ለጊዜው ወደ እኔ አዙሩት ያለ፣ አማርኛ ቢናገርም ሌባ ነው። ኸድ የሚባለው የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት ዕውቅና የሰጣቸው አማካሪዎች ይህን ሥራ በነፃ ይሠራሉ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ለባንኩ የሚጻፈው የችግር መግለጫ ደብዳቤ ላይ አንድ ቃል ልጨምር። የኛ ሰው ሲያስጽፈኝ በልመና ይጀምራል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ደከመበት ዘመን፣ ስለ እግዚአብሔር። አንድ እናት እንባቸው ደብዳቤው ላይ እንዲገባ ፈልገው ተቀይመውኛል። «እትዬ፣ ይህን የሚያነበው ሰው በቀን ብዙ ፋይል የሚያይ ነው» ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። ገጹ አንድ ይበቃል። ሥራው የቆመበት ወይም ሕመሙ የጀመረበት ቀን ይጻፍ። በፊት ይገባ የነበረው ገቢ፣ አሁን የሚገባው፣ በየወሩ መክፈል የሚቻለው መጠን። ችግሩ ጊዜያዊ ነው ወይስ የማይመለስ? ቤቱን መያዝ ነው የምትፈልጉት ወይስ መውጣት? የብድር ቁጥሩ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ይጻፍ፤ ገጾች ይጠፋሉ። ፈርሙ፣ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒውን አስቀሩ፤ በስልክ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ሰዓትም ከኮፒው ጀርባ ያዙት።